የቆመው ሐዲድ እንዴት ይነበባል? ከለገሃር እስከ ደወሌ አሮጌውን የባቡር መንገድ ለማየት ለሚነሱ

የለገሃር አካባቢ መልሶ ማልማት እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ይፋ ከሆነ ወዲህ ስለ አሮጌው ምድር ባቡር የሚጠይቅ ሰው በዝቷል። ጣቢያው ይፈርሳል? ሐዲዱ የት ገባ? አሁን ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር በዚያው መንገድ ነው የሚያልፈው? ካሜራ ይዞ አሮጌ ጣቢያ ፍለጋ የሚወጣም አለ። ብዙውን ጊዜ ግን ፎቶው የሚነሳው ከጣቢያው ሕንፃ ፊት ለፊት ብቻ ነው፤ ከሕንፃው ጀርባ ያለው ነገር ሳይታይ ይታለፋል። ትልቁ ታሪክ ያለው ደግሞ እዚያ ጀርባ ነው።

ባቡር እንደ ልቡ የሚሄድ ነገር አይደለም። የት እንደሚታጠፍ፣ የት እንደሚቆም፣ የትኛውን ተራራ እንደሚሸሽ የሚወስኑለት ጥቂት ምክንያቶች አሉ። እነዚያን ምክንያቶች ያወቀ ሰው ሐዲዱ ከተነቀለ በኋላ እንኳ መስመሩን ከመሬቱ ላይ ማንበብ ይችላል። (ከአንድ አዋጅ ቁጥር በስተቀር እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ የትኛው መስመር ነው የምናወራው?

አሮጌው መስመር የምንለው ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ በድሬዳዋና በአዋሽ በኩል አዲስ አበባ የሚገባውን፣ 784 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን የባቡር መንገድ ነው። ከዚህ ውስጥ 100 ኪሎ ሜትር ያህሉ ጅቡቲ ውስጥ፣ የቀረው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የ99 ዓመት የግንባታና የአገልግሎት ፈቃድ ሰጡ። ኢልግም ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሊዮን ሸፍኖ ጋር ኩባንያ አቋቋመ። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ። እዚያ ላይ ገንዘብ አለቀ፤ ፖለቲካም ገባበት። ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያን መስመሩ በማን እጅ ይሁን በሚል ሲሻኮቱ፣ ምኒልክም የውጭ መንግሥት በኩባንያው ውስጥ እጁን ማስገባቱን ሲቃወሙ ሥራው ለዓመታት ቆመ። የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ በሌላ ከተተካ በኋላ ግንባታው ቀጥሎ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ከጅምር እስከ ፍጻሜ 20 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

ይህን ቅደም ተከተል መያዝ ሜዳ ላይ ይጠቅማል። ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ ያለው ክፍል ከድሬዳዋ ወዲህ ካለው በዕድሜ ይበልጣል። ለገሃር የሚታወቅበት የጣቢያ ሕንፃ ደግሞ የተመረቀው በ1929፣ ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባ ከ12 ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ በአንድ መስመር ላይ ያሉ ጣቢያዎች የአንድ ዘመን ሥራ አይደሉም።

ዘመኑን ለመለየት የሚረዳ ሌላም ምልክት አለ። መስመሩን የያዘው ድርጅት ለረጅም ጊዜ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ይባል ነበር። ጅቡቲ በ1977 ነጻ ከወጣች በኋላ ግን በ1981 የኢትዮጵያና የጅቡቲ መንግሥታት የጋራ ድርጅት ሆነ። በፉርጎ፣ በመሣሪያ ወይም በአሮጌ ወረቀት ላይ በፈረንሳይኛ ፊደል «ሴ ኤፍ ኤ» የሚል ምኅጻረ ቃል ከታየ ዕቃው የፊተኛው ዘመን ነው፤ «ሴ ዴ ኤ» የሚል ከሆነ ጽሕፈቱ ከ1981 ወዲህ የተደረገ ነው።

አዲሱ ባቡር በአሮጌው ሐዲድ ላይ ነው የሚሄደው?

አይደለም። ይህ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። በ2016 ኢትዮጵያ ውስጥ ተመርቆ በ2018 መጀመሪያ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ከመሠረቱ የተዘረጋ ሌላ መስመር ነው። አንዳንድ ቦታ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል፣ አንዳንድ ቦታም ይራራቃል፤ ሐዲዱ ግን አንድ አይደለም።

ልዩነቱ ዓይን ላይ የሚወድቀው በስፋቱ ነው። በሁለቱ ሐዲዶች የውስጥ ጠርዝ መካከል ያለው ርቀት በአሮጌው መስመር 1 ሜትር ሲሆን በአዲሱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። የአንዱ ጎማ በሌላው ላይ ጨርሶ አይገጥምም። ሐዲዱ ባለበት ቦታ ሁሉ ተራ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዞ መለካት ይቻላል። ልክ ከራስ እስከ ራስ፣ ከውስጥ በኩል 100 ሴንቲ ሜትር ከመጣ ያለጥርጥር አሮጌው ነው።

ጠባብ ስፋት የተመረጠው በምክንያት ነው። ጠባብ መስመር የሚቆፈረው መሬትና የሚፈልገው ብረት ያንሳል፣ በጠባብ ቦታም ይታጠፋል፤ በተራራማ አገር ላይ ገንዘብ ያነሰው ኩባንያ የሚመርጠው እሱን ነው። ዋጋው የሚከፈለው በኋላ ነው። በእንዲህ ያለ መስመር ላይ ባቡሩ መፍጠን አይችልም፣ የሚጭነውም ውስን ነው። አዲሱ መስመር ሰፊና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ለፍጥነት ሲባል በተቻለ መጠን ቀጥ ተደርጎ ስለተዘረጋ ጣቢያዎቹ በአብዛኛው ከከተማ ወጣ ብለው ነው ያሉት። አሮጌዎቹ ጣቢያዎች ግን መሀል ከተማ ናቸው። እንዲያውም ብዙ ቦታ የቀደመው ጣቢያው ነው፤ ከተማው የመጣው እሱን ተከትሎ ነው።

ባቡር ዳገት የሚፈራው ለምንድን ነው?

የባቡር ጎማም ሐዲድም ብረት ነው። ብረት በብረት ላይ ሲንከባለል የሚይዘው ነገር በጣም ትንሽ ነው። ለዚህ ነው አንድ ሞተር ብዙ ፉርጎ መጎተት የሚችለው። ያው ጥቅም ዳገት ላይ ጉዳት ይሆናል፤ ጎማው ይንሸራተታል። መኪና ያለችግር የሚወጣውን ዳገት ባቡር አይሞክረውም። 100 ሜትር ሄዶ 3 ሜትር መውጣት ለባቡር ከባድ ዳገት ነው።

እንግዲህ አስቡት፤ ይህ መስመር ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ከተማ መድረስ ነበረበት። መሐንዲሶቹ ከፍታውን በርቀት አካክሰው ነው የወጡት። ተራራው ፊት ለፊት ሲመጣ ዞሩት፣ ሸለቆ ሲገጥማቸው ጥጉን ይዘው ቀስ እያሉ ወጡ፣ መዞር ያልቻሉበትን ቦታ ደግሞ ቆረጡ ወይም በድልድይ ተሻገሩ። በካርታ ላይ መስመሩ አለምክንያት የተጠማዘዘ የሚመስልበት ቦታ ሁሉ ከፍታ የሚገዛበት ቦታ ነው።

የዚህ ሁሉ ትልቁ ምስክር ድሬዳዋ ናት። የመጀመሪያው ሐሳብ ባቡሩን ሐረር ማድረስ ነበር። ሐረር ግን ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ወደዚያ የሚያወጣው ገደላማ ተራራ ለኩባንያው ገንዘብ የሚቻል አልነበረም። ስለዚህ መስመሩ ከተራራው ግርጌ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ቀረ፣ ጣቢያም እዚያ ተሠራ። መጀመሪያ ላይ አዲስ ሐረር ተብሎ ይጠራ የነበረው ያ ጣቢያ ነው የዛሬዋን ድሬዳዋ ያስገኘው። አንድ ዳገት ከተማ ወለደ ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

ጣቢያዎቹ ለምን እዚያ ቦታ ላይ ሆኑ?

በመስመሩ ላይ የነበሩትን ጣቢያዎች ስም እንደ ቅደም ተከተላቸው ለሚሰማ ሰው አንዳንዶቹ ግራ ያጋባሉ። አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ እሺ፤ አሰቦት፣ ሚኤሶ፣ ሙሉ፣ አፍደም፣ ጎታ፣ ኤረር፣ ሁርሶ፣ ከድሬዳዋ ወዲያ ደግሞ ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ ያለችው ደወሌ። በዚያ በረሃ ውስጥ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ጣቢያ መሥራት ለምን አስፈለገ?

የእንፋሎት ባቡርን እንደ ሲራራ ነጋዴ ማየት ነው የሚሻለው። ሲራራ ነጋዴ ርቀትን የሚለካው በእግሩ አይደለም፤ ከብቱ ውሃ ሳይጠጣ በሚሄድበት መጠን ነው። የእንፋሎት ባቡርም ውሃ አፍልቶ በእንፋሎቱ የሚገፋ ነው፤ ያ እንፋሎት ሥራውን ሠርቶ በጭስ ማውጫው ይወጣና ያልቃል። ስለዚህ በየመንገዱ ውሃ መቅዳት አለበት፣ ከድንጋይ ከሰል ወይም ከማገዶ እንጨት ቀድሞ የሚያልቅበትም ውሃው ነው። ጉድጓድ ወይም ወንዝ ያለበት ቦታ ለጣቢያነት ተፈላጊ የሆነው በዚህ ነው፤ ውሃ የሌለበት ጣቢያ ላይ ደግሞ ውሃው ራሱ በባቡር ተጭኖ ይመጣል።

ሁለተኛው ምክንያት መተላለፍ ነው። መስመሩ ነጠላ ስለነበር ከጅቡቲ የሚመጣውና ከአዲስ አበባ የሚወርደው ባቡር በመንገድ ላይ ፊት ለፊት እንዳይገናኙ አንዱ ሌላውን ጠብቆ የሚያሳልፍበት ቦታ ያስፈልጋል። እዚያ ላይ ሐዲዱ ሁለት ሦስት ይሆናል፣ ጣቢያ ኃላፊው በስልክ ከሚቀጥለው ጣቢያ ፈቃድ ሳይቀበል ባቡር አይለቅም። ተሳፋሪ የማይወርድበት፣ ከብት እንኳ የማይታይበት ቦታ ላይ የቆመ ብቸኛ የጣቢያ ቤት ሥራው ይኸው ነበር።

ሦስተኛው ማደር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዐሥርተ ዓመታት ባቡሩ የሚሄደው በቀን ብቻ ስለነበር ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ተሳፋሪው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ ያድራል። ከአዋሽ ጣቢያ አጠገብ ያለው ቡፌ የተሠራው ለእነዚህ አዳሪዎች ነው። በ1930 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ከውጭ የመጡት እንግዶች አዲስ አበባ የገቡት በዚሁ ባቡር ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱም በግንቦት 1936 ጣሊያን ከተማዋን ከመያዙ ከቀናት በፊት ወደ ጅቡቲ የወጡት በዚሁ መስመር ነው።

ናፍጣ የሚጠቀሙ ሞተሮች በ1950ዎቹ እየተተኩ ሲመጡ ውሃ የመቅዳቱ ነገር ቀረ። ትንንሾቹ ጣቢያዎች አስፈላጊነታቸው መቀነስ የጀመረው ያኔ ነው። አንዳንዶቹ ከተማ ሆነው ስለነበር ተረፉ፤ የቀሩት ስማቸው ብቻ ቀረ።

ሐዲዱ በሌለበት ቦታ መስመሩን እንዴት እናገኘዋለን?

መጀመሪያ የምናየው የመሬቱን ቅርጽ ነው። ባቡር የሚሄድበት መሬት እኩል መሆን ስላለበት ዝቅ ያለው ቦታ በአፈር ተደልድሎ ከፍ ይላል፣ ከፍ ያለው ተቆርጦ ዝቅ ይላል። በሜዳ መሀል ወጣ ብሎ፣ ወርዱ ጠባብ ሆኖ፣ ሳይጣመም ረጅም የሚሄድ የአፈር ጉብታ ከታየ፣ ከፊቱ ደግሞ ኮረብታው እንደ በር ተከፍሎ ከሆነ የባቡር መንገድ መሆኑን መጠርጠር ነው። የመኪና መንገድ በድንገት ይታጠፋል፤ የባቡር መንገድ ግን ሁልጊዜ በሰፊው፣ በቀስታ ነው የሚዞረው። በስልክ ላይ ያለ የሳተላይት ካርታ ይህን ለመለየት እጅግ ይረዳል። ከተማ ውስጥም ቢሆን ቤቶች በሌላ አቅጣጫ ተሰልፈው ሳለ አንድ ቀስት የመሰለ ጠባብ ክፍተት በመካከላቸው ካለፈ፣ ያ ክፍተት የሐዲድ መንገድ የነበረ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይረጋገጣል።

ቀጥሎ ወደ መሬት ዝቅ ማለት ነው። ከሐዲድ ሥር የሚነጠፈው ጠጠር እንደ ወንዝ ጠጠር ክብ አይደለም፤ ተፈልጦ የተሰበረ፣ ጠርዙ ሹል ነው። ሹል የሆነው እርስ በርሱ ተያይዞ ሐዲዱን እንዲይዝ፣ ውሃም እንዲያሳልፍ ነው። ሐዲዱ ተነቅሎ ጠጠሩ ከቀረ በላዩ ላይ በየተወሰነ ርቀት አግዳሚዎቹ፣ ማለትም ሐዲዶቹ የሚያርፉባቸው ተሻጋሪ ድጋፎች፣ የነበሩበት ስርጉድ ምልክት ለረጅም ጊዜ አይጠፋም። በዚህ መስመር ላይ አግዳሚዎቹ በብዛት ከብረት የተሠሩ ናቸው፤ እንጨት በሙቀትና በምስጥ አገር አይበረክትም። የብረት አግዳሚ ተገልብጦ የተደፋ ገንዳ ይመስላል፣ ጫፎቹ ወደ ታች ታጥፈው ጠጠሩን ይነክሳሉ።

ሐዲዱ ራሱ ካለ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ጎኑን ማየት ይገባል። አንድ ሐዲድ ሰፊ እግር፣ ቀጭን ወገብና ወፍራም ራስ አለው። ወገቡ ላይ፣ ዝገቱን በደረቅ ጨርቅ ሲጠርጉት፣ ከብረቱ ጋር አብረው የተቀረጹ ጎልተው የወጡ ፊደላትና ቁጥሮች ይወጣሉ። የፋብሪካው ስም፣ ብረቱ የተሠራበት ዓመት፣ ብዙ ጊዜም የአንድ ሜትር ክብደቱ ነው። ጽሑፉ ካልነበበ ጠዋት ወይም ወደ ማታ፣ ፀሐይ ከጎን ስትመታው ፎቶ ማንሳት ነው፤ ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል። በጠራራ ፀሐይ ምንም አይታይም። ዓመቱ የሚነግረን ብረቱ የተሠራበትን እንጂ እዚያ የተነጠፈበትን ጊዜ አለመሆኑን መርሳት አይገባም፤ ሐዲድ ከአንድ ቦታ ተነስቶ ሌላ ቦታ ይውላል።

ራሱንም ማየት ነው። ባቡር የሚያልፍበት ሐዲድ አናቱ ላይ እንደ መስተዋት ያበራል፤ ባቡር ከቆመበት ግን ቀናት ሳይቆይ ቀይ ዝገት ይለብሳል፣ ዓመታት ሲያልፉም ጠቆር ያለ ቡናማ ይሆናል። ይህ ለዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ለደኅንነትም ነው። የሚያበራ ሐዲድ ካያችሁ መስመሩ አልቆመም።

በመጨረሻ ውሃ ማሳለፊያዎቹን መፈለግ ነው። ከድልድሉ ሥር በድንጋይ ቅስት የተሠሩ ትንንሽ ድልድዮች ከሐዲዱ ይልቅ ዕድሜ አላቸው፤ ሊሸጡ ስለማይችሉ ሰው አይነካቸውም። ጥርቡ፣ ኖራው፣ አልፎ አልፎም የተቀረጸ ዓመት ይገኝባቸዋል። ለእኔ በጠቅላላው መስመር ላይ ከትላልቅ ሕንፃዎች ይልቅ የሠራተኛው እጅ ቁልጭ ብሎ የሚታየው በእነዚህ ላይ ነው።

የት መጀመር ይሻላል?

ለገሃር ላይ ሕንፃውንም በፊቱ ያለውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልትም ማየት ይቻላል። ሐውልቱ የቆመው በ1930 ለዘውድ በዓሉ ነው፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን ወደ ሮም ወስዶት ነበር፣ በኋላ ተመልሷል። ከጣቢያው ወደ ምሥራቅ በአቃቂ፣ በዱከምና በቢሾፍቱ በኩል ሞጆና አዳማ ድረስ ያሉት ጣቢያዎች ለአዲስ አበባ ነዋሪ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚታዩ ናቸው። ከተማ በላያቸው ስለሰፋ መስመሩን መከተል ግን እዚህ ላይ ይከብዳል።

መተሐራ የተለየ ትምህርት ይሰጣል። ከተማዋ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ እንደ ሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አልሸሸም፤ ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት እየሰፋ ነው የመጣው። በጥንቱ የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ቅልጥ ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ የነበረው ሐዲድና የመኪናው መንገድ ውሃው በተጠጋቸው ቁጥር ከፍ መደረግ ነበረባቸው። ውሃው ጨዋማ ስለሆነ ብረት ላይ ጨካኝ ነው።

አዋሽ ላይ ጣቢያው፣ ቡፌውና ሸለቆው አብረው ይገኛሉ። ወንዙን የሚሻገረው ድልድይ በ1941 ጣሊያኖች ሲሸሹ ካፈረሷቸው መሻገሪያዎች አንዱ ነው፤ በኋላ እንደገና ተሠርቷል። በዚሁ አካባቢ በጥር 1985 ባቡር በመታጠፊያ ድልድይ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል በመግባቱ ከ400 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ እጅግ ከከፉት አደጋዎች ዋናው ተደርጎ ይጠቀሳል። መታጠፊያ ላይ የሚፈጥን ባቡር ክብደቱ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ በጠባብ ሐዲድ ላይ ደግሞ መቋቋሚያው አነስተኛ ነው። እዚያ የሚሄድ ሰው ዘመድ የሞተባቸው ቤተሰቦች ዛሬም በአካባቢው መኖራቸውን አስቦ ይሂድ።

ጊዜና አቅም ያለው ግን ድሬዳዋ ይሂድ። ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ይህች ከተማ የመስመሩ ልብ ነበረች፤ ዋናው የጥገና ጋራዥ ያለው እዚህ ነው። በግቢው ውስጥ አሮጌ ሞተሮች፣ የተሳፋሪ ፉርጎዎችና የብረት መቁረጫ ማሽኖች አሉ። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ከዚራ መንገዱ ቀጥ፣ ዛፉ በተራ የተተከለ ነው፤ የባቡር ኩባንያው በፕላን ያስነጠፈው ሰፈር መሆኑ ገና ሲገቡ ይታወቃል። ደቻቱ የሚባለውን የደረቅ ወንዝ አሸዋ ተሻግሮ ያለው መጋላ ደግሞ ንግዱ ራሱ እያደገ የሠራው ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር መሻገር ባቡር ለአንድ ከተማ ምን እንዳደረገ ለማየት ይበቃል።

ታዲያ ለምን ቆመ?

አንድ ምክንያት የለውም። ከአሰብ የመጣው የመኪና መንገድ ከአንድ ትውልድ በላይ ጭነቱን ተሻምቶታል። በ1977 እና 1978 የሶማሊያ ጦርነት ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ተቋርጧል። ሐዲዱ ለቀላል ባቡር የተሠራ ቀጭን ብረት ነው፤ ዕድሜው ሲገፋ ባቡሩ ቀስ እያለ መሄድ ነበረበት፣ ቀስ ሲል ገቢው ቀነሰ፣ ገቢው ሲቀንስ ጥገናው ቀረ። እድሳት ተጀምሮ ዳር ሳይደርስ ቆሟል። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው አገልግሎት በ2008 ገደማ ተቋረጠ። ከድሬዳዋ ወደ ደወሌ ያለው ግን ከዚያ በኋላም በየጊዜው እየተነሳና እየቆመ አገልግሏል፤ ስለዚህ በዚያ ክፍል ላይ መስመሩ ሞቷል ብሎ በሐዲዱ መሀል መሄድ አይገባም።

መግባት ይፈቀዳል? ብረት ማንሳትስ?

ባቡር አያልፍበትም ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። የጣቢያ ግቢዎች፣ ጋራዡና ሐዲዱ የመንግሥት ንብረት ናቸው፤ ብዙዎቹ ጥበቃ አላቸው፣ አንዳንዶቹም መኖሪያና ቢሮ ሆነዋል። ወደ ግቢ ለመግባትም ፎቶ ለማንሳትም አስቀድሞ ማስፈቀድ ግድ ነው። ድሬዳዋ ላይ የጣቢያውን አስተዳደር ማነጋገር፣ ሌላ ቦታ ላይ ጥበቃውን በትሕትና ጠይቆ የማን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ መረዳት ነው።

ብሎን፣ ፊደል ያለበት ሰሌዳ፣ ቁራጭ ሐዲድ ለማስታወሻ ብሎ መውሰድ አይቻልም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ታሪካዊ ዋጋ ያለውን ነገር ያለፈቃድ ከቦታው ማንሳትን ይከለክላል። ከሕጉም በላይ፣ ከቦታው የተነሳ ሰሌዳ የት እንደነበር የሚነግረን ስለማይኖር ከታሪክነት ወደ ተራ ብረትነት ይወርዳል። በባቡር ከተሞች ቁራጭ ሐዲድ የአጥር ቋሚ ወይም የጣሪያ ተሸካሚ ሆኖ ማየት የተለመደ ነው፤ ያንንም ባለበት ፎቶ አንስቶ መተው ነው።

ስለ ደኅንነት ጥቂት ነጥብ። የብረት ድልድይ ለእግረኛ አልተሠራም፤ ወለል የለውም፣ በአግዳሚዎቹ መካከል ያለው ክፍት ነው፣ የዛገውም ክብደት አይችልም። ደረቅ አሸዋማ ወንዝ ውስጥ ሲኬድ ሰማዩ እዚያ ብራ ቢሆንም ደጋው ላይ ከዘነበ ጎርፉ በድንገት ይመጣል። ደቻቱ በነሐሴ 2006 ሌሊት ሞልቶ ያደረሰውን እልቂት ድሬዳዋ አልረሳችውም። ወደ አዲሱ መስመር ደግሞ ፈጽሞ መጠጋት አያስፈልግም፤ በላዩ የተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት ይሸከማል፣ ሳይነኩት በመቅረብ ብቻ ይገድላል።

የቆመ መስመር እንደገና ይነሳል?

ተነስቶ ያውቃል፣ ያውም በጎረቤት። ከምጽዋ አስመራ የሚወጣው የኤርትራ ባቡር አስመራ የደረሰው በ1911 ነው። በ1970ዎቹ ጦርነቱ አቆመው፤ ሐዲዱም ተነቅሎ የምሽግ ጣሪያ ሆነ። ከነጻነት በኋላ በ1990ዎቹ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው ያንኑ ብረት ከየምሽጉ ሰብስበው መስመሩን መልሰው ዘረጉት፤ በ2003 ሥራው ተጠናቀቀ። ያ ሊሆን የቻለው ብረቱ ከአገር ስላልወጣና ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት ስለነበሩ ነው።

ሌላው መንገድ ሕንፃውን ለሌላ አገልግሎት ማዋል ነው። ፓሪስ ውስጥ ያለው የኦርሴ ሙዚየም ለ1900 የዓለም ትርኢት የተሠራ ባቡር ጣቢያ ነበር፤ ሊፈርስ ከተቃረበ በኋላ በ1986 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ።

ማንን እንጠይቅ?

አሮጌው መስመር ላይ የሠሩ ሰዎች ዕድሜያቸው ገፍቷል። ነጂው፣ ጣቢያ ኃላፊው፣ የጋራዥ ባለሙያው፣ በእግሩ እየሄደ ሐዲድ ሲያጠብቅ የኖረው ሠራተኛ ዛሬ ጡረታ ወጥቶ እዚያው ጣቢያ አካባቢ ይኖራል። የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር ብዙዎቹ ፈረንሳይኛ ይናገራሉ፤ የዕቃዎቹንም ስም የሚያውቁት በዚያው ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ምን ይባላል? ለምን ይጠቅም ነበር?» ብሎ አንድ ዕቃ እያሳዩ መጠየቅ፣ ስለ ድሮው ባቡር ንገሩኝ ከማለት የተሻለ መልስ ያስገኛል። ድምፃቸውን ለመቅዳት ፈቃዳቸውን ጠይቁ፣ ዕቃው በሚጠራበት ስም ልክ እንደተናገሩት ጻፉ። ፎቶው ላይ ቦታውን፣ ቀኑንና ካሜራው ወዴት እንደዞረ መዝግባችሁ አንዱን ቅጂ ለእሳቸው፣ አንዱን ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ስጡ።